የግራ እጅ ኮርኔት

ገና የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ቴፒ ላይ ዝናቡ አባርቶ ከቡናው ጥላ ዛፎች ጠብታ ብቻ በሚወርድበት የማምሻ ሰዓት፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ዳዊት ከማድ ቤታችን እሳት አጠገብ ቦታ ለመያዝ እንጋፋ ነበር። የምንጋፋው ለሙቀቱ ብለን ሳይሆን ጋሼ እዚያ ስለሚቀመጡ ነው።

ጋሼ የምንላቸው የእናታችንን ታላቅ ወንድም፣ ጋሽ መኩሪያን ነው። በወታደርነት ዘመናቸው ሰሜን ከነበረ አንድ ክፍለ ጦር የሙዚቃ ቡድን ውስጥ ይጫወቱ ነበር። መንግሥት ተለውጦ ሠራዊቱ ሲበተን፣ ሌላው ብርድ ልብሱንና ኮዳውን ተሸክሞ ወደ አገሩ ሲገባ፣ እሳቸው በአሮጌ ሸሚዝ የተጠቀለለ አንድ ነገር ብቻ ታቅፈው እኛ ቤት ደረሱ። እናቴ ያን ቀን ስታስታውስ ትስቅ ነበር። «ሕፃን የታቀፈ መስሎኝ ‹ጋሼ፣ እናቱ የት አለች?› ብዬ ጠየቅኩት» ትላለች።

ሸሚዙ ሲፈታ የወጣው ኮርኔት ነበር። የሰፈራችን ልጆች «ጡሩምባ» ሲሉት ጋሼ ይቆጣሉ። «ጡሩምባ አይደለም፤ ትራምፔትም አይደለም» ይሉ ነበር። «ትራምፔት ‹ተነሥ!› ይልሃል። ኮርኔት ግን ‹ቁጭ በል፣ አንድ ነገር ላጫውትህ› ነው የሚለው።»

ከትራምፔት ያጥራል፤ ቧንቧው በራሱ ላይ ተጠቅልሎ ደልደል ያለ ነው። ቀለሙም ሱቅ ውስጥ እንዳለ ነሐስ አያብረቀርቅም፤ እንደ ጫካ ማር ጠቆር ያለ ነበር። ፋኖሱ ሲበራ በገላው ላይ የመዶሻ ምቶች አንድ በአንድ ይታያሉ፤ በእያንዳንዷ ጎድጓዳ ውስጥም ትንሽ ነበልባል ትንቀጠቀጣለች። እኔ ያኔ መቁጠር እጀምርና ከሠላሳ በላይ ሳልሄድ ጋሼ አንሥተው ከንፈራቸው ላይ ያደርጉታል።

ድምፁን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ጆሮ አይወጋም ነበር። ክብ ነበር፤ ብዙ ቀን ዝም ብሎ የከረመ ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ ቀስ ብሎ መናገር ሲጀምር እንደሚመጣው ዓይነት ድምፅ። ጋሼ ተረቱን በአፋቸው ይጀምሩና፣ አውሬው የሚናገርበት ቦታ ሲደርሱ ኮርኔቱ ይቀበላቸዋል። ነብሩ ዝቅ ባለ ድምፅ ያጉረመርማል፤ ጦጣዋ ትሳደባለች፤ ጎርፍ ሲወርድ ከሩቅ ጀምሮ እየቀረበ ይመጣል። የተቀቀለው ጎደሬ እጃችን ላይ ይቀዘቅዛል። እርጥብ የቡና እንጨት እየጨሰ ዓይናችንን ሲያስለቅሰን እንኳ ዓይናችንን ከሳቸው ላይ አናነሣም።

ከሁሉ አብልጠን የምንለምነው ግን የራሱን የኮርኔቱን ተረት ነበር።

ጋሼ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ይጀምሩታል። ቀኝ እጃቸውን ወደ እሳቱ ይዘረጋሉ፤ ሌባ ጣትና መሐል ጣት የላቸውም። «እነዚህን ፈንጂ ወሰዳቸው» ይላሉ። ኮርኔት በጣት የሚጫኑ ሦስት ቁልፎች አሉት፤ የሚጫኑትም በቀኝ እጅ ነው። ስለዚህ ከሆስፒታል ሲመለሱ አለቃቸው ከበሮ ተሸካሚ አደረጓቸው። በጦሩ ጋራዥ ውስጥ ባሻ ደምሴ የሚባሉ፣ ብረት በእጃቸው እንደ ሊጥ የሚታዘዝላቸው ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ቀን ጋሼን ጠሩና እጃቸውን አገላብጠው አዩ። «ጣትህን መመለስ አልችልም፤ ዕቃውን ግን ለግራ እጅህ መገልበጥ እችላለሁ» አሏቸው።

ባዶ የመድፍ ቀለሃ ለቀሙ። ነሐሱን በእሳት እያለዘቡ፣ በመዶሻ እየቀጠቀጡ፣ ቁልፎቹን በብረት መቁረጫው በቶርኖ እየቆረጡ አንድ ዓመት ሙሉ ሠሩ። የጋሼን ግራ እጅ በክር ለኩ፤ ከንፈራቸውን ለስላሳ ሰም አስነክሰው ለኩ። የመጀመሪያው መንፊያ አፍ ተሰነጠቀ። ሁለተኛው እንደታመመ በግ ጮኸ፤ እዚህ ጋ ጋሼ በጉን ሆነው ሲጮኹ ዳዊት በሳቅ ይንከባለላል። ሦስተኛው ተሳካ። ጋሼ በግራ እጃቸው ይዘው የመጀመሪያውን ዜማ ሲነፉ ባሻ ደምሴ መዶሻቸውን አስቀምጠው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ተረቱ እዚህ ላይ ያልቃል። ጋሼም ያንን ዜማ ይነፉልንና ወደ መኝታችን እንሄዳለን።

በሰፈራችን ሌላም ነፊ ነበር። አቶ ወልዴ የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ነበሩ። ሰው ሲሞት ማለዳ በቆርቆሮ ጡሩምባቸው እየነፉ በየመንደሩ ይዞራሉ፤ ማን እንደሞተ መጀመሪያ በአማርኛ ይናገራሉ፤ ቀጥሎም በገዛ ቋንቋቸው በሸኮ ይደግሙታል። ቡና ለቃሚውም፣ መምህሩም፣ ነጋዴውም ሰምቶ ይመጣል። አንድ ምሽት እኛ ተረት እየሰማን ሳለ እያለከለኩ ገቡ።

«አቶ መኩሪያ፣ ደረቴ እንቢ አለኝ» አሉ። «ዳገቱን ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል። እርስዎ ደግሞ ባለሙያ ነዎት። ይረከቡኝ።»

«ሌላ ሰው ይፈልጉ» አሉ ጋሼ።

«ሌላ ማን አለ?»

«ይሄ ዕቃ ለሞት አይነፋም፣ አቶ ወልዴ። ለልጆች ነው የምጫወትበት።»

አቶ ወልዴ እኔንና ዳዊትን ተራ በተራ አዩን። «ልጆቹም እኮ ነገ የሚቀብሩት ሰው አላቸው» አሉና እናቴ ያቀረበችላቸውን ቡና ሳይቀምሱ ወጡ።

እናቴ አፈረች። «ጋሼ፣ ሽማግሌ እንዲህ ይመለሳል? እኛስ እድርተኛ አይደለንም?» አለች። ጋሼ ኮርኔቱን በሸሚዙ ጠቀለሉት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱ ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ባርኔጣ ከመነካካት በቀር ቃል አይለዋወጡም ነበር።

በዓመቱ፣ በሐምሌ፣ አንድ ማለዳ ከታችኛው መንደር የለቅሶ ድምፅ ተሰማ። ጡሩምባ ግን አልተሰማም። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እየለበሰች «ወይኔ፣ አቶ ወልዴ ናቸው» አለች። ተከትያት ሄድኩ፤ ጋሼም ካፖርታቸውን ደርበው ከኋላችን መጡ።

ግቢው ጭቃ ነበር። የእድሩ ሰዎች ተሰብስበው ግራ ተጋብተዋል፤ ከላይ ቡናው ውስጥ ያለው ሕዝብ ገና አልሰማም። የቆርቆሮውን ጡሩምባ ለአንድ ጎረምሳ ሰጡት። ጎረምሳው ጉንጮቹን ነፍቶ ቢሞክር «ፍርርር» የሚል ድምፅ ብቻ ወጣ። ደግሞ ሞከረ፤ ባሰበት። ከኋላ የቆሙ ልጆች ሳቃቸውን አፍነው ዞሩ። የአቶ ወልዴ ባለቤት፣ እትዬ አስካለ፣ ያንን ሲሰሙ «ለሁሉ ነፍቶ ነፍቶ የሱ ይህ ይሁን!» ብለው ደረታቸውን መቱ።

ቀና ብዬ ጋሼን አየኋቸው። ፊታቸው አመድ መስሏል። ወደ ቤት ተመለሱ። እኔ የሸሹ መሰለኝ፤ በልጅነት ልቤም አፈርኩባቸው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ካፖርታቸው ውስጥ አንድ ነገር ብብታቸው ሥር ይዘው መጡ። ነሐስ ከቀዘቀዘ ድምፁ ይወርዳልና እያሞቁት ነበር። በቀጥታ እትዬ አስካለ ፊት ሄደው ጭቃው ላይ ተንበረከኩ።

«እትዬ አስካለ፣ ይቅር ይበሉኝ። አቶ ወልዴ በሸኮ ምን እያሉ ነበር የሚናገሩት? ያስተምሩኝ።»

ሴትዮዋ ለቅሶአቸውን ዋጡ። ባለቤታቸው ይሉት የነበረውን ሦስት ዓረፍተ ነገር ቀስ ብለው ነገሯቸው። ጋሼ ደገሙ፤ ተሳሳቱ፤ እሳቸው አረሟቸው። ለቀስተኛው ሁሉ ያዳምጥ ነበር። ከዚያ ጋሼ ተነሡና ዳገቱን ወጡ፤ እኛም ከኋላቸው።

ያን ቀን የሰማሁትን ዜማ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። አጭር ነበር። ካፊያው ውስጥ ገብቶ፣ ከዛፍ ዛፍ እየተሻሸ፣ ሳይቸኩል ሄደ። ቡና ውስጥ አረም የሚያርሙት ሴቶች ቀና አሉ። የአቶ ወልዴን ጡሩምባ ስንሰማ ሁላችንም «ማን ይሆን?» ብለን እንደነግጥ ነበር፤ ይህን ሲሰሙ ግን ሰዎች ከየቤታቸው ቀስ ብለው፣ የሚያውቁት ሰው በስማቸው እንደጠራቸው ሆነው ወጡ። ጋሼ ነፍተው ሲጨርሱ የአቶ ወልዴን መሞት በአማርኛ ተናገሩ፤ ከዚያ በተሰባበረ አነጋገር በሸኮ ደገሙት። ማንም አልሳቀም። አንድ አዛውንት ከአጥራቸው ወጥተው አብረዋቸው መሄድ ጀመሩ፤ ጋሼ ቃሉን በሳቱ ቁጥር ሽማግሌው ያቃኑላቸው ነበር። ቀብሩ ላይ የቴፒ ሰው ግማሹ የመጣ መሰለኝ።

ምሽት ላይ እሳቱ ዳር ተቀመጥን። ተረት የጠየቀ አልነበረም። ጋሼ ራሳቸው ጀመሩ።

«ባሻ ደምሴ ሲቀመጡ ተረቱ ያልቃል ብያችሁ ነበር» አሉ። «አላለቀም።»

ኮርኔቱ ከተሠራ በኋላ ወደ ሙዚቃ ቡድኑ መለሷቸው። ሥራቸው ግን ሰልፍ አልነበረም፤ ቀብር ነበር። መጀመሪያ በሳምንት አንድ፣ ኋላ በቀን ሁለትና ሦስት። ስማቸውን እንኳ የማያውቁትን ልጅ እግር ወታደሮች ሸኙ። በመጨረሻ ጦሩ ሲያፈገፍግ ባሻ ደምሴ መንገድ ላይ በወባ ሞቱ። ድምፅ ማሰማት ክልክል ነበርና በጨለማ ቀበሯቸው፤ ኮርኔቱ ጋሼ እቅፍ ውስጥ እንደተጠቀለለ ቀረ።

«ለሠራው ሰው ቀብር ያልነፋ ለማንም ሙት አይነፋም ብዬ ማልኩ» አሉ። «ዛሬ ያ ጎረምሳ ሲታገል ሳየው መሐላዬ ኩራት ብቻ ሆኖ ታየኝ። አቶ ወልዴ ቤቴ ድረስ መጥተው ለምነውኝ ነበር እኮ።»

እናቴ እሳቱን ስትቆሰቁስ ፊቷን አዞረች። እኔ ያኔ ነገሩን ሁሉ አልተረዳሁትም። የገባኝ አንድ ነገር ቢኖር፣ ለስንት ምሽት ስንስቅበት የኖርነው ተረት ግማሹ እሳቸው ዘንድ ቀርቶ እንደነበር ነው።

ዳዊት ግን ፈራ። ከዚያ ወዲህ ኮርኔቱ ሲወጣ የእናቴ ቀሚስ ውስጥ ይገባል። አንድ ምሽት ጋሼ ሸሚዙን ሲፈቱ ከተደበቀበት ሆኖ «ጋሼ፣ አሁን ሰው ሊሞት ነው?» አላቸው።

ጋሼ ሸሚዙን መልሰው መጠቅለል ጀመሩ። እኔም በሆዴ ተረታችን ዛሬ አለቀ አልኩ።

«አይደለም ልጄ» አሉ በመጨረሻ። «አሁንማ ጉሬዛ ሊያገባ ነው።»

ሰምተነው የማናውቀውን የጉሬዛ ሠርግ ይተርኩልን ጀመር። ሙሽራው ካባ እንደለበሰ ከዛፍ ዛፍ ይዘላል፤ አማቶቹ ከታች ሆነው ይጮኻሉ፤ ኮርኔቱም እልል ይላል። ዳዊት መጀመሪያ አንድ ዓይኑን አወጣ፣ ከዚያ ጭንቅላቱን፣ በመጨረሻም ጋሼ ጉልበት ላይ ተገኘ።

ጋሼ ከዚያ በኋላ የፊት ጥርሳቸው እስኪነቃነቅ ድረስ ለእድሩ ነፉ። የሰፈሩ አሮጊቶች «መሞት ካልቀረ በጋሽ መኩሪያ ጊዜ» እያሉ ይቀልዱ ነበር። እሳቸው ያረፉት እኔ ሚዛን ተፈሪ የነርስ ትምህርት ላይ ሳለሁ ነው፤ ደርሼ አልቀበርኳቸውም።

በሥራዬ ሞትም ልደትም አያለሁ፤ አንዳንዴ በአንድ ፈረቃ፣ በአንድ ኮሪደር። አዲስ የመጡ ነርሶች ከአንዱ ክፍል አልቅሰው ወጥተው ሌላው ክፍል እንዴት ፈገግ ብለው እንደሚገቡ ግራ ሲገባቸው፣ «ማስመሰል አይሆንብንም?» ብለው ይጠይቁኛል። አይሆንም እላቸዋለሁ። እንዴት እንደማውቅ ግን ነግሬያቸው አላውቅም። አንድ ሰው በአንድ ትንፋሽ ጎረቤቱን ሲሸኝ፣ በዚያው ትንፋሽ የፈራ ልጅ ሲያስቅ አይቻለሁ፤ ድምፁም ያው አንድ ድምፅ ነበር።