የባሌ ልብ በእኔ እጅ ላይ

ይህን የምጽፈው ጠዋት ጠዋት ነው። ጥቂት መስመር እጽፍና ሲያቅተኝ አቆማለሁ።

ባሌ አስተማሪ ነበር፤ እኔም እንደዚያው። እዚሁ ደብረ ታቦር ጠመኔ ይዘን አርጅተን ጡረታ በወጣን ማግስት ልቡ ታመመ። ሐዋሳ ያለችው አንዲት ልጃችን ይህን ስትሰማ የልብ ምት የሚቆጥር ሰዓት ገዝታ ላከችለት። ሰዓቱ በእጁ ላይ ሆኖ ምቱን ይለካል፣ እርምጃውን ይቆጥራል፣ እንቅልፉን ያውቃል። ያየውን ለስልኩ ይሰጣል፣ ስልኩ ደግሞ በኢንተርኔት ለልጃችን ስልክ ያደርሳል። እሷ ሐዋሳ ላይ ታክሲ እየጠበቀች የአባቷን ልብ ታያለች።

እሱ እንዲህ ያለ ነገር ነፍሱ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ እጅጌውን ሰብስቦ ለጎረቤት ያሳይ ነበር።

"ወደፊት ሐኪም ቤት ሄዶ መሰለፍ አይኖርም፤ ሐኪምህን በክንድህ አስረኸው ትዞራለህ።"

"መምህር፣ ጾም ስትገድፍ ለቄሱ ይናገርብሃል?" ይለዋል ጎረቤታችን።

"እሱን ገና አልደረሱበትም።"

"እንግዲያስ ሳይደርሱበት ቶሎ ቶሎ እንብላ!"

ልጃችን ሴት ልጅ ወለደች። የአራስነት ወጓን ሄጄ ላደርስላት የሚገባኝ እኔ ነበርኩ፤ ግን እሱን ጥዬ መሄድ አልቻልኩም፣ መንገዱም ያን ሰሞን የሚታመን አልነበረም። የባሏ እናት ተተካችልኝ። ሕፃኗ ሳምንት ሳይሞላት እሱ አንድ ረፋድ ላይ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ አረፈ።

በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌ ተልኮ፣ በማለዳ፣ ሲወድቅ የሚደግፈው ዘመድ ዙሪያውን ከያዘ በኋላ ነው ሰው የሚረዳው። ለአራስ ደግሞ ከነጭራሹ አይነገርም፤ ድንጋጤው ደሟን ያፈሰዋል፣ ወተቷን ያደርቀዋል ይባላል። የተወለደችው ሴት ከሆነች ሰማንያ ቀኗ ደርሶ ክርስትና እስክትነሳ ይጠበቃል። ለልጄ ባል ደወልኩለት። "እማማ፣ ከዚህ ቤት ማንም ትንፍሽ አይልም" አለኝ እያለቀሰ። ሰዓቱን ግን እኔም እሱም አላሰብነውም።

ሊገንዙት የገቡት ሰዎች ቀለበቱንና ሰዓቱን ፈትተው ሰጡኝ። ቤቱ በለቀስተኛ እየሞላ ነበር። እንዳይጠፉብኝ ብዬ ቀለበቱን በጣቴ አጠለቅሁ፣ ሰዓቱን በእጄ አሰርኩት። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ወዲያው ስልኬ ጮኸ፤ ልጄ ናት። ወደ ጓሮ ሮጥኩ።

"እማዬ፣ እንዴት አስደነገጣችሁኝ! የአባዬ ሰዓት ዝም ብሎ ነበር እኮ። አሁን ተመለሰ፣ ተመስገን። አውልቆት ነበር?"

"አዎ፤ ሲታጠብ ነው።"

"ምንድን ነው የሚጮኸው?"

"ጎረቤት ለቅሶ ነው።"

"ማን ሞተ?"

"አታውቂውም።"

"በይ አባዬ እንዳይወጣ፣ ይደነግጣል። አሁን ራሱ ልቡ በጣም እየመታ ነው።"

የሚመታው የእኔ ልብ ነበር። ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ሰዓቱን ከፈታሁት ልጄ፣ ሕፃን ጡቷ ላይ እንዳለች፣ አባቷ ሲሞት በዓይኗ ታያለች። አልፈታሁትም።

ከዚያ ወዲያ ለቅሶዬ ሁሉ በልክ ሆነ። ከቀብር ተመልሰን ሴቶቹ ደረታቸውን ሲመቱ እኔ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ቀስ ብዬ እተነፍሳለሁ። የባሌ እህት ከእብናት መጥታ ነበር፤ ለቅሶ አዋቂ ናት። ከሰው መሐል ተነሥታ ፊት ለፊቴ ቆመች።

"ምነው እቴ፣ ደረትሽ እንቁላል ነው? አንድ ጊዜ ብትመቺው ይሰበራል?"

እጅጌዬን ወደ ታች ሳብኩት።

"ሰዓት ደግሞ አስራለች! ቀጠሮ አለባት መሰል።"

አንዷ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። ምክንያቱን ብነግራት እብናት ሳትደርስ ወሬው ሐዋሳ ይቀድማታል። መሬት መሬት እያየሁ ቻልኩት። ወንድሟን ያልወደድኩት መስሏት ሄደች፤ ዛሬም እንደዚያው እንደመሰላት ነው።

ባሌ በስልክ ማውራት አይወድም ነበር፤ ከጎኔ ተቀምጦ "ደህና ነኝ በያት" ይለኝ ነበር እንጂ። ይህ ጠቀመኝ። "ቤተ ክርስቲያን ነው"፣ "ጋደም ብሏል" እያልኩ ቀኑን ገፋሁት። ልጄ ግን ከእኔ ቃል ይልቅ ሰዓቱን ታምናለች።

"እማዬ፣ አባዬ ምን ሆኖ ነው እንቅልፍ ያጣው? ከቤትም ንቅንቅ አላለም። እንዲራመድ ንገሪው እንጂ!"

እሱ ይወጣ በነበረበት ሰዓት፣ ጎህ ሲቀድ፣ ጥቁሬን ለብሼ እሱ በሚሄድበት መንገድ እሄድ ጀመር። ሐዘንተኛ ቤቷ ነው የምትቀመጠው። የሚያገኘኝ ሰው አንገቱን ደፍቶ ያልፈኛል፤ ጥቂቶቹ ዞረው ሲያዩኝ ይታወቀኛል። ቀን ላይ ልጄ ትደውላለች፤ "ዛሬስ ጎበዝ ነው፣ ጥሩ ተራመደ" ትለኛለች። ደስታዋ እንደ እሾህ ይወጋኛል፤ በማግስቱ ግን ያንኑ ደስታዋን ለመስማት እነሣለሁ። አንዳንድ ጠዋት ከእኔ ቀድሞ እሱ የሚሄድ ይመስለኝና እርምጃዬን አፈጥናለሁ።

ጭንቀቱ ሲበዛብኝ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው።

"ያ ነገር ነፍስን ያያል?" አሉኝ።

"አያይም አባ። ምቱን ብቻ ነው።"

ሰዓቱን አየት አደረጉና "አንቺም ምት ብቻ ሆነሽ እንዳትቀሪ፣ ልጄ" አሉኝ። "እግዚአብሔር ይፍታሽ" እንዲሉኝ ጠብቄ ነበር፤ ከዚህ ሌላ አልተናገሩም።

የተዝካሩ ዕለት ካህናቱን ስቀበል፣ ጠላ ስቀዳ፣ እንግዳ ሳስቀምጥ ዋልኩ። ልጄ ደወለች።

"አባዬ ዛሬ ድግስ ነው እንዴ? ቁጭ አላለም እኮ።"

"አዎ፣ ድግስ አለ" አልኳት።

ሕፃኗ ክርስትና ተነሣች። እኔም ሚኒባስ ይዤ ባሕር ዳር ገብቼ፣ ከዚያ በአውሮፕላንና በአውቶቡስ ሐዋሳ ደረስኩ። የእሱ ስልክ በቦርሳዬ፣ ሰዓቱ በእጄ ነበር፤ የመጨረሻዋንም ማታ በሰላም ትደር ብዬ ነው። አማቼ ዘመዶቹ ቤት አሳደረኝ። ጎህ ሲቀድ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ተከትዬ ገባሁና በር ላይ ቆምኩ።

"ልጄ፣ አባትሽ ታመው ነበር" ብለው ጀመሩ ትልቁ ሽማግሌ።

"አውቃለሁ አባባ። አሁን ተሽሎታል።"

"አልተሻላቸውም፣ ልጄ። አርፈዋል።"

አልጮኸችም። ስልኳን አነሣች።

"ውሸት ነው። ይኸው ይመታል፣ እዩት!" ከአንዱ ሽማግሌ ወደ አንዱ እየዞረች ስልኩን ታሳያለች። "እባካችሁ እዩት! አባባ፣ መነጽርዎን ያድርጉ!"

ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው አዩ። ምን ይበሏት? እኔ በሩ ላይ ሰዓቱ ያለበትን እጄን በነጠላዬ ሸፈንኩት።

"ይኸው ጨመረ! ሰምቷችሁ ነው፣ ደንግጦ ነው!"

ከዚያ በላይ መስማት አልቻልኩም። ወደ እሷ ሄጄ እጅጌዬን ሰብስቤ ሰዓቱን ፊት ለፊቷ ፈታሁት። ጥቂት ቆይቶ ቁጥሩ ጠፋ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሸሸሁትን ነገር በገዛ እጄ አደረግሁት።

ስትጮኽ ልይዛት ሞከርኩ፤ ገፋችኝ። ሴቶቹ "ለአንቺ ብላ ነው እኮ" ሲሏት ወደ እኔ ዞራ እንዲህ አለችኝ፦

"አንቺ ቀብረሽዋል፣ ተዝካሩንም አውጥተሽለታል። የእኔ አባት ገና ዛሬ መሞቱ ነው። እኔ ከማን ጋር ላልቅስ?"

ሰዓቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ጥቂት ቀን ተቀምጬ ተመለስኩ፤ እስከ በር እንኳ አልሸኘችኝም።

ወደፊት ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ ነገር ታጥቆ ይኖራል ይላሉ፤ ከሰዓትም አልፎ ቆዳ ውስጥ የሚቀበርም አለ አሉ። ይሆናል። ያን ጊዜ ሽማግሌ አይላክም፣ ማለዳ አይጠበቅም። ሰው ገበያ መሐል እንደቆመ፣ ማንም ሳይደግፈው፣ የወለደው ሰው ልብ መቆሙን በመዳፉ ላይ ያያል። እኔ ይህን ላስቀርላት ብዬ ነበር፤ የባሰውን ሰጠኋት።

ስደውል የምታነሣው እሷ አይደለችም፤ ባሏ ነው። "ደህና ናት እማማ፣ ትንሽ ይታገሷት" ይለኛል። እኔ ግን ስመለስ ሰዓቱን መልሼ አስሬዋለሁ። ከሰዓቱ ጋር ያለውን ግንኙነት ብታቋርጠው የባሌ ስልክ ይነግረኝ ነበር፤ አላቋረጠችውም። ታየው አታየው አላውቅም። ረስታው ይሆናል።

አሁን ሳለቅስ አልቆጥብም። በሬን ዘግቼ፣ ድምፄን ለቅቄ፣ ያኔ የቀረብኝን ሁሉ አለቅሳለሁ። ቁጥሩ ሲወጣ አየዋለሁ። ምናልባት እሷም እዚያ ሆና ታየው ይሆናል፣ ምናልባት እሷም እያለቀሰች ይሆናል እላለሁ። ከዚያ ስልኩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እቀመጣለሁ።

ዛሬም አልደወለችም።