የቁስለኞቹ አውሮፕላን

እናቴ በደርግ ዘመን በጦር ማመላለሻ አውሮፕላን ላይ ነርስ ነበረች። ወደ ሰሜን ሲሄዱ ጤነኛ ወታደር ይጭናሉ፤ ሲመለሱ ቁስለኛ። ይህን ለእኔ ለልጇ እንኳ ዘርዝራ ነግራኝ አታውቅም። በስደት በምንኖርባት በማሪዬታ ከተማ፣ ቤታችን ላይ ወታደራዊ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ግን ወሬዋን ታቋርጣለች፤ ድምፁ እስኪርቅ አትናገርም። እኔ ነገረኛዋ "ይሄኛውስ ምን ጭኗል?" ብዬ አሾፍባታለሁ።

አምና ኖርዝ ድሩይድ ሂልስ የሚባል ሰፈር ካለ የሐበሻ ሱቅ በርበሬ ስንገዛ ከአንዲት የወሎ ሴት ጋር ወሬ ጀመረች። ሴትዮዋ ሰባን ያለፉ፣ እዚያው አቅራቢያ ፓይን ሌክ የሚባል ቦታ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ ናቸው። ወሬ ወሬን አምጥቶ እናቴ የት ትሠራ እንደነበር ሲሰሙ እጇን ያዝ አደረጉና አለቀቁም። በሳምንቱ የወንድማቸውን ፎቶ ይዘው ቤታችን መጡ። ወታደር ነበር። ቆስሎ ወደ አውሮፕላን ሜዳ ሲወስዱት ጓደኛው አይቷል፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው የለም። መርዶ ስላልመጣ እናታቸው ሳያለቅሱለት ሞቱ። እሳቸውም ለቅሶ አልተቀመጡም፣ ሶላትም አላሰገዱለትም።

"ሞተ በይኝና ላልቅስ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም" አሏት።

እናቴ ፎቶውን ብዙ አየችው። "እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። ፊታቸውን አላይም ነበር። ባየው ሥራውን አልችለውም። ቃሬዛው ተደራርቦ ስለሚታሰር የምቆመው በእግራቸው በኩል ነው፤ የማውቀው እግራቸውን ነው።"

ሴትዮዋ "የግራ እግሩ ትንሿ ጣት የለችም። ልጅ ሆኖ መጥረቢያ ቆርጧታል" አሉ።

እናቴ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ፊቷ ሲለዋወጥ ፈራሁና "ማሚ፣ ኢትስ ኦኬ፣ ተይው" አልኳት። አልሰማችኝም።

"አውሮፕላኑ ላይ አሳፍሬው ነበር" አለች። "አብራሪው ከብዶናል፣ ሰው ይውረድ አለ። በሩ አጠገብ የነበሩትን አወረድን። ጣቱ እንደሌለች ያየሁት ያኔ ነው፣ ብርድ ልብሱን ሳስተካክልለት። በማግስቱ ሜዳው ተያዘ፤ አልተመለስንም።"

"ስታወርጂው ነፍስ ነበረው?"

እናቴ መዋሸት አይሆንላትም። "ነበረው" አለች። "ውሃም ጠይቆኝ ሰጥቼዋለሁ።"

"አልሐምዱሊላህ!" ብለው ብድግ አሉ። እኔ ያለቅሳሉ ብዬ ሶፍት ይዤ ቆሜያለሁ፤ እሳቸው ሻሻቸውን አስተካክለው፣ እናቴን ግንባሯን ስመው ደስ ብሏቸው ወጡ። ያ ደስታቸው አንጀቴን በላው።

ባለፈው ሳምንት ደወሉልኝ። ፎቶውን ቲክቶክ ላይ እንድለቅላቸው ነው። ምናልባት ሱዳን ተሻግሮ ይሆናል፣ ምናልባት ከሜዳው ያነሳው ሰው ቤት ይሆናል ይላሉ። ስለቀው እናቴ ከኋላዬ ቆማ ታይ ነበር።

"ሞተ ብያቸው ቢሆን ኖሮ ይኼኔ አልቅሰው ወጥቶላቸው ነበር" አለችኝ።