ባለቤት ያጣ እግር

«እማማ፣ ጉልበትዎማ እንደ አለት ገጥሟል፤ የእግርዎ መቀዝቀዝ የደም ሥር ሐኪሙ ጉዳይ ነው!» አለች ሆስፒታል የተኛችው ልብስ ሰፊ፣ የአጥንት ሐኪሙን ድምፅ በአፍንጫዋ እያስመሰለች። «ያኛው ደግሞ ‹የአጥንቱን ይጠይቁ› ይለኛል። ልጄ፣ እኔ ኳስ ነኝ?» ነርሷ ብርድ ልብሱን ከእግሯ ላይ ገለጠች።

የልብስ ሰፊዋ ጉልበት በብረት ሲቀየር ደም ሥሯ ተጎዳ፤ ከደህናው እግሯ ሌላ ሥር መዘው ቀጠሉላት። እሷ «ደህናውን ቀሚስ ቀደው የተቀደደውን ጣፉበት» ትላለች። ዛሬ የተቀጠለው ሥር ተደፍኗል፤ ቶሎ ካልተከፈተ አርባ ዓመት የስፌት መኪና የረገጠችበት እግር መቆረጡ ነው። ነርሷ ትላንት ትርታውን አግኝታ በእስክሪብቶ ምልክት ያደረገችበትን ቦታ በአውራ ጣቷ ጫን ትላለች፤ ጭጭ ብሏል።

ልብስ ሰፊዋ የጎን አልጋው አስታማሚ ደብተር ይዞ ሲጽፍ አየችው። «አንተም ትጽፋለህ? ሐኪሞቹም ከጠዋት ጀምሮ ሲጽፉ ነው የዋሉት! መጻፉን ተውና ሩጥ፣ አንዱን ሐኪም ጎትተህ አምጣልኝ!»