አባቴ የተሸከማት ድንጋይ

ትናንት መምህራችን በዳይንና ተበዳይን ስለሚያስታርቅ ፍትሕ ሲያስረዱ፣ በመስኮቱ በኩል አንድ የቀን ሠራተኛ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ጎንበስ ብሎ ሲያልፍ አየሁ። ማስታወሻ መያዜን አቆምኩ።

አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። አባቴ አርብ ገበያ አቅራቢያ ባለው ማሳችን በወሰን ተጣልቶ ጎረቤታችንን ገድሎ፣ ፍርዱን ጨርሶ ከወህኒ ወጥቷል። መንግሥት ቢፈታውም ደሙ ስላልደረቀ ቀየው መግባት አይችልም፤ የሟች ወንድም መንገድ ይጠብቀዋል። እኔና የሟች ልጅ ብርቄም፣ በአንድ ወንበር ተቀምጠን ፊደል የቆጠርን ጓደኛሞች፣ እንዳንነጋገር ተከልክለን በተለያየ መንገድ ትምህርት ቤት እንሄድ ነበር።

የእርቁ ቀን ሁለቱ ወገኖች በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር፣ ካህናቱን መሐል አድርገው ተቀመጡ። በልማዱ ገዳይ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ይቅርታ ይለምናል፤ ከሟች ወገን አንድ ሰው ካወረደለት ታረቀ፣ ካላወረደለት እንደመጣ ይመለሳል። ሽማግሌዎቹ ከወንዝ ትንሽ ድንጋይ ይዘህ ና ብለውት ነበር። አባቴ ግን በሌሊት ተደብቆ ያችኑ የተጣሉባትን የወሰን ድንጋይ ነቅሎ መጣ። በደሉን አምኖ መቀበሉ እንዲታወቅለት መስሎት ነው።

የሟች ወንድም ሲያውቃት ብድግ አለ።

"አያችሁ? ዛሬም ወሰን ነቀለ!"

እኔ ጋቢው ውስጥ የገባውን እጁን ብቻ አያለሁ። እናቴ ክንዴን ጨምድዳ ይዛኛለች።

መሪጌታው መስቀላቸውን ይዘው "እሜቴ፣ ስለ እመቤታችን ብለው" ሲሏቸው፣ የሟች እናት "እናንተማ ጠላው ከቀረበ የማታስታርቁት የለም" አሏቸው። ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። አሮጊቷ ግን ተነሥተው ወደ አባቴ ሄዱና ድንጋይዋን በጣታቸው ዳሰሷት።

"ለዚች ነው?"

"ለእሷ ነው፣ እናቴ።"

"ይችን ለምታህል?"

አባቴ ይበልጥ ጎነበሰ።

"ተቀመጥ አንተ" አሉ፣ ወደ ልጃቸው ሳይዞሩ። "ሁለተኛ ልጅ ለድንጋይ አልሰጥም።" በሁለት እጃቸው ከማጅራቱ አወረዷት።

አባቴ በዚያው ቀን ቤቱ ገባ። ብርቄም ወደ ወንበራችን ተመለሰች፤ እጅ ለእጅ ተያይዘን፣ በመምህሮቻችን አረማመድ እየሳቅን ከትምህርት ቤት እንመለስ ጀመር። አባቴ ሊቀበለኝ ዳገቱ ላይ ብቅ ሲል ግን ቀስ ብላ እጄን ትለቃለች። ቂም አልነበራትም፤ አክብራ ሰላም ትለዋለች። ከዚያ ብቻዋን ወደ ቤቷ ትወርዳለች። እኔ ከአባቴ ጎን እየሄድኩ ዞር ዞር ብዬ አያታለሁ። ሊቀበላት የሚወጣ አልነበረም።