የቃጫው ድንበር

ዋኘው ከሰው ጋር ቆሞ ሲያወራ እንኳ ዓይኑ ሐይቋ ላይ ነው። ከትክል ድንጋይ ከተማ ወዲያ ባለችው በዚያች ትንሽ ሐይቅ ዳር ቃጫ እየዘፈዘፈ፣ ገመድ እየገመደ ኖሯል። የቃጫውን ቅጠል አስሮ፣ ድንጋይ ጭኖ ውኃ ውስጥ ይከተዋል፤ ልጣጩ ሲበሰብስ ክሩ ነጭ ሆኖ ይወጣል።

ውኃ ብቻውን ግን አይበቃም ይላል። ከሐይቋ በላይ ባለው ዳገት ከቆሙት የሾላና የብሳና ዛፎች እየረገፈ ከውኃው ሥር የሚተኛው ቅጠል ነው ሥራውን የሚሠራለት። «እርሾው እሱ ነው።»

የሚስቱ ወንድም አለምነህ ያን ዳገት መነጠረው። ልጆቹ በዝተው መሬት ቢያንሰው ጊዜ ዛፉን ቆርጦ እስከ ውኃው አፍ አረሰ። ክረምት ሲገባ ቀዩ አፈር ወረደ። ዋኘው የዘፈዘፈውን ሊያወጣ ቢገባ ደለሉ እስከ ጉልበቱ ዋጠው። በእጁ ቆፍሮ ያገኘው ቃጫ ጠቁሯል እንጂ አልበሰለም፤ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ማዶ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደን ሥር፣ የሐይቋ ወለል ዛሬም ቅጠል ነው። እዚያ ግን ጸበል ይቀዳል፤ ቃጫ አይዘፈዘፍም።

ከዚያ ወዲያ ዋኘው መቀመጥ አልሆነለትም። ይወጣል፣ ይመለሳል፣ ደለሉን በዱላ ይወጋል። ሌላ ሙያ የለውም። በመጨረሻ የቃጫ ችግኝ ተሸክሞ ሄደና በአለምነህ እርሻ ግርጌ በረድፍ ተከለ፤ ሥሩ አፈሩን ይይዝልኛል ብሎ። ባለቤቱን አልጠየቀም። በዚያ አገር ደግሞ የቃጫ ረድፍ ድንበር ነው።

አለምነህ ሁሉንም ነቅሎ ደጁ ላይ ጣለለት።

«ምነው አያ ዋኘው! መሬቴን ልትቆርስ?»

«መሬትህን ምን ላርገው? አፈርህን ልያዝልህ ብዬ ነው።»

«አፈሬ የት ሄደና?»

«ሐይቁ ውስጥ ተኝቷላ! ግባና እየው!»

«እንግዲያ እዚያው እረስበት!»

የዋኘው ሚስት አየለች ከውስጥ ሆና፣ «ሁለታችሁንም አስሮ መዘፍዘፍ ነበር» አለች።

ሽማግሌዎች ገቡ። አለምነህ ከብዙ ልመና በኋላ ቃሉን ሰጠ፤ ቃጫው ይተከል፣ ግን ከላይም ከታችም ያለው መሬት፣ ቃጫውም ጭምር፣ የእሱ መሆኑን ዋኘው ይመስክር።

«የተከልሁትን ለመቁረጥ አንተን ልለምን?»

«ትለምናለህ እንጂ!»

ዋኘው ተነሥቶ መሰከረ፤ ችግኙንም እንደገና ተከለ።

የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ዋኘው እርሻው ግርጌ ነበር። ጎርፉ ረድፉ ጋ ሲደርስ በከፊል ረጋ፤ በከፊል ደግሞ ሦስት አራት ችግኝ ይዞ ወረደ። እሱም ጭቃው ውስጥ ተንበርክኮ ሥራቸውን መልሶ ይቀብር ጀመር።

«አያ ዋኘው!» አለ አለምነህ ከላይ፣ ጆንያ ተከናንቦ። «የኔን ቃጫ ማን ንካ አለህ?»

«ያንተ ከሆነ ውረድና ያዘው!»

አለምነህ እያጉረመረመ፣ እየተንሸራተተ ወረደ።