እትዬ ፈሂማ ካፌ ደጅ ያነሱት ሕፃን

እትዬ ፈሂማ ሄልሲንኪ ሄደው የፈረንጅ ልጅ ሰረቁ፣ በፖሊስ ታጅበው ተመለሱ ይባላል። ወሬው ጠዋት ሾላ ገበያ ተነሥቶ ለምሳ ሩዋንዳ ሰፈር ሲደርስ ልጁ መንታ ሆኗል።

ውሸት ነው። ፖሊስ አልመጣም። ልጅ ግን አንስተዋል።

እትዬ ፈሂማ ሾላ በርበሬና ኮረሪማ ሲሸጡ የኖሩ የወሎ ሴት ናቸው። ልጃቸው ሳና እዚያ አገር ስትወልድ፣ የገንፎ ዱቄቱን፣ ቅቤውን፣ አብሹን ጠቅልለው ሊያርሷት በጥር ሄዱ።

ከተማዋን ገና ከአየር ማረፊያው ሲወጡ ተጸየፏት። ሰማዩ ዕቃ የታጠበበት ውሃ ይመስላል። ነጭ ነው ሲባል የሰሙት በረዶ መንገድ ዳር በውሻ ሽንት ቢጫ ሆኗል። ፀሐይዋ እንኳ ብቅ ትልና፣ ዙሪያዋን አይታ፣ እሷም ቀፍፏት ትገባለች። የሳና ባል ሃይደር ለአክብሮት ጥሬ ዓሣ አቀረበ። «አፌ ጋ ሳደርሰው ገና የሚዋኝ መሰለኝ፣ ኤጭ!» ይላሉ፣ እስከ ዛሬ አፋቸውን እየጠረጉ።

ይህን ሁሉ ቻሉ። የሄዱበት ጉዳይ ግን አራሷንና ሕፃኑን ከብርድ መጠበቅ ነበር፤ እኛ ዘንድ አራስ ቤት መስኮት እንኳ አይከፈትም። ሳና ደግሞ ሕፃኑን በጋሪ አድርጋ በረንዳ ላይ ታስተኛዋለች።

«እማ፣ እዚህ ልማዱ ነው። ንጹህ አየር እንቅልፍ ይሰጠዋል።»

«የምን ንጹህ አየር? ይሄ ፍሪጅ ነው! ልጁ ሥጋ ነው እንዴ፣ እንዳይሸት?»

ሲያስገቡት ታስወጣዋለች፤ ስታስወጣው ያስገቡታል።

አንድ ቀን ዳቦ ሊገዙ ሲወጡ ካፌ ደጅ ጋሪ ቆሞ አዩ። ውስጡ ሕፃን፣ አጠገቡ ማንም የለም። በረንዳውስ የራስ ቤት ነው፤ መንገድ ላይ የተተወ ግን የተጣለ ልጅ ነው አሉ። ቢስሚላህ ብለው አንስተው ካፖርታቸው ውስጥ ከተቱት። እናትየው የቡና ስኒዋን እንደያዘች እየጮኸች ወጣች። ሳና ተጠርታ መጣች፤ እጅ እየነሳች ይቅርታ ለመነች።

ቤት ሲገቡ «ከእንግዲህ ልጄን ብቻሽን አትይዢም» አለቻቸው።

እትዬ ፈሂማ ሻንጣቸውን አወረዱ። የመጡት ሕፃኑን በሩቅ ሊያዩ አልነበረም፤ አቅፈው ሊያሳድጉ ነበር። የሳና የአራስነት አርባ ቀን ሳይሞላ ሾላ ተመለሱ።

አሁን ጎናቸው ሽሮ የምትሸጠው ማራናታ አታስቀምጣቸውም። «እትዬ፣ ሁለተኛውን መንታ ኮረሪማው ሥር ደበቁት እንዴ?» ትላለች፤ መደዳው በሙሉ ይንከተከታል።

ባለፈው ሰኞም እንዲሁ ሳቁ። እትዬ ፈሂማ በርበሬ መንፋታቸውን ሳያቆሙ፦

«ቱ! የቡና ስኒ ይሞቃል፣ ልጅ ይበርዳል። ያ የሰው ልጅ ጉንጩ በረዶ ነበር፤ ደረቴ ላይ ሳስጠጋው ግን ዓይኑን ገለጠ» አሉ። ወንፊቱን አስቀመጡት። «የኔውስ፣ ይሄኔ በረንዳ ላይ ይሆን?»

ማራናታ ሳቋን ትታ ሽሮዋን መስፈር ጀመረች።