ኬጂ ዋን የተከተበ ዕለት

መርፌ እፈራለሁ። ትልቅ ሰው ሆኖ ይህን መናገር እንደማያኮራ አውቃለሁ። በልጅነቴ ኮልፌ ካለ አንድ ክሊኒክ በመስኮት ዘልዬ አምልጫለሁ፤ እናቴ ጫማዋን በእጇ ይዛ እየሮጠች ገበያው መሃል ነው የያዘችኝ። ካደግኩ በኋላም የደም ምርመራ ሲታዘዝልኝ ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ጽሑፉ እስኪጠፋ አቆየዋለሁ።

ስለዚህ ዳይሬክተራችን ቢሮዋ ጠርታ፣ "ሐሙስ ለኩፍኝ ክትባት ይመጣሉ። የኬጂ ዋን ልጆችን ጭንሽ ላይ እያስቀመጥሽ የምትይዢያቸው አንቺ ነሽ" ስትለኝ ዓይኔ የቢሮውን መስኮት ፈለገ።

"ሌላ ሰው የለም?"

"አስተማሪያቸው አንቺ፣ የሚያምኑት አንቺን። ማን ይያዝልሽ ታዲያ?"

ትምህርት ቤታችን ቀራንዮ ነው፤ ከአስፓልቱ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ድሮ የአንድ ቤተሰብ መኖሪያ የነበረ ግቢ። ኬጂ ዋን የሚማረው ሳሎኑ ውስጥ ነው። መታጠቢያ ቤቱን ዕቃ ማስቀመጫ አድርገነው፣ ባኞው በኳስና በአሻንጉሊት ተሞልቷል። ልጆቹ ሦስትና አራት ዓመታቸው ነው። እንዳይፈሩ ብዬ ቀደም ብዬ ማዘጋጀት ጀመርኩ። "ጉንዳን ነከስ እንደምታደርገው ነው። ቁንጥጥ ታደርጋችኋለች፣ አለቀ!" አልኳቸው። ጥሩ ሐሳብ አልነበረም። ረቡዕ ዕለት አንዱ እጁን አወጣ።

"ሚስ፣ ጉንዳኗ በምን ነው የምትመጣው?"

"በባጃጅ" አልኩት፣ ሳላስብ።

ሐሙስ ጠዋት በሩ ላይ ቆሜ የፈቃድ ወረቀት ስቀበል፣ አንድ አያት ፊቴ ቆሙ። ከክፍሌ በቁመት ትንሿን ልጅ በየቀኑ እጇን ይዘው የሚያመጧት እሳቸው ናቸው፤ ከጎጃም ከመጡ ብዙ ዓመት የሆናቸው፣ ቀጥ ያሉ፣ ሲናገሩ ግቢው ጸጥ የሚልላቸው ሽማግሌ። ወረቀቱን ሰጡኝ።

"እናቷ ፈርማለች። እኔ ግን አልፈረምኩም።"

"አባባ፣ የእናቷ ፊርማ ይበቃል።"

"ይበቃ ይሆናል። ግን ደህና ልጅ ምን በወጣት ትወጋለች? መርፌ ሲታመሙ አይደለም እንዴ?"

እውነቱን ለመናገር፣ ለእሳቸው ላጨበጭብ ምንም አልቀረኝም ነበር። ግን አስተማሪ ነኝና፣ "እንዳትታመም ነው አባባ" አልኳቸው። ወደ ቤታቸው ግን አልሄዱም። ከሳሎኑ መስኮት ሥር ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሃል አቆሙ።

ሦስት ሰዓት ገደማ ባጃጅ በሩ ላይ ቆመ። ከጤና ጣቢያ የተላከችው ነርስ የክትባት ሳጥኗን ትከሻዋ ላይ አንግታ ወረደች፤ ጠና ያለች፣ ፊቷ ቶሎ የማይፈታ ሴት። ልጆቹ በመስኮት ሲያዩዋት በአንድ ድምፅ ጮኹ።

"ጉንዳኗ መጣች!"

ነርሷ ወደ እኔ ዞረች። "ምንድን ነው የሚሉት?"

"እንኳን ደህና መጡ ነው፣ ሲስተር።"

ጠረጴዛው ተዘረጋ። ዳይሬክተሯ መዝገቡን ይዛ ተቀመጠች። እኔ ለሦስት ዓመት ልጅ በተሠራች ቢጫ ወንበር ላይ፣ ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ተኮራመትኩ። መጀመሪያ የተጠራው ልጅ ገና ጭኔ ላይ ሳይወጣ ማልቀስ ጀመረ፤ ነርሷ እጇን እየታጠበች ነበር። ሁለተኛዋ፣ እሱ ስላለቀሰ አለቀሰች። ከዚያ ክፍሉ በሙሉ ተቀበላቸው። ከኮሪደሩ ማዶ ያሉት ትልልቆቹ ልጆች ክትባቱ አይመለከታቸውም ነበር፤ ምን እንደተፈጠረ ሳያውቁ እነሱም አብረው አለቀሱ።

በዚህ መሃል አንድ ልጅ ጎደለ። ከጠረጴዛ ሥርም ከመጋረጃ ኋላም አጣነው። በመጨረሻ ዳይሬክተሯ መታጠቢያ ቤቱን ከፈተች። ባኞው ውስጥ፣ ከኳሶቹ መሃል፣ ሁለት ትንንሽ ጫማዎች ወጥተው ይታያሉ።

"እዚህ የለሁም" አሉ ጫማዎቹ።

ትተነው ተመለስን። ሁለቱ አልቃሾች እንደምንም ተከተቡ፤ እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ስለነበር ምንም አላየሁም።

"ቀጣይ!" አለች ነርሷ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ የሽማግሌው የልጅ ልጅ ከምንጣፉ ላይ ተነሥታ መጣች። የሹራቧን እጅጌ ራሷ ሰብስባ ጭኔ ላይ ወጣችና ተመቻችታ ተቀመጠች። መስኮቱ ላይ የአያቷ ግንባር ብቅ አለ። እኔ መልሼ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ነርሷ ክንዷን በረጠበ ጥጥ ጠረገቻት። ጥጡ ቀዝቃዛ ኖሯል፤ ልጅቷ ከት ብላ ሳቀች። ሳቋ ጋብ ሲል ነርሷ ወጋቻት፤ ልጅቷ ግን አሳቧ ከጥጡ ጋር ነው።

"ኮረኮርሽኝ!"

"አለቀ፣ ጎበዝ። ውረጂ።"

"ድገሚኝ!"

"አይደገምም።"

"እሺ ሚስን ኮርኩሪያት። ዓይኗን ጨፍናለች!"

ዓይኔን ስገልጥ ኬጂ ዋን በሙሉ፣ እንባው ጉንጩ ላይ እንዳለ፣ እኔን ያያል። አንዱ ፈንድቶ ሳቀ። ሌላው ተከተለው። ከዚያ በኋላ ማቆሚያም አልተገኘ። ቅድም ሳይወጉ ያለቀሱት አሁን ጥጡ ሳይነካቸው ይንከተከታሉ፤ ጭኔ ላይ የሚወጣው ሁሉ "ሚስ፣ ጨፍኚ! ጨፍኚ!" ይለኛል። የእኔ መፍራት የእነሱ ጨዋታ ሆነ። ትልልቆቹም ከማዶ ሳቁን ሰምተው ልቅሷቸውን በሳቅ ቀየሩት።

"ጸጥ! ሥራ ላይ ነን!" አለች ነርሷ። አፏ ግን በአንድ በኩል ፈገግ ማለት ጀምሮ ነበር።

ይሄኔ መስኮቱ ተከፈተ። ሽማግሌው አንገታቸውን አስገቡ።

"ምንድን ነው የምትሰጧቸው?"

"የኩፍኝ ክትባት ነው፣ አባቴ" አለች ነርሷ።

"ለእኔ አይሆንም?"

"አይ፣ ከአምስት ዓመት በታች ለሆኑ ነው።"

ሽማግሌው አሰብ አደረጉ። "እኔ እኮ የልደት ካርድ የለኝም" አሉ፣ ኮስተር ብለው። "ከአምስት ማለፌን በምን አወቅሽ?"

ነርሷ ያገለገለውን መርፌ ቀስ ብላ የመርፌ መጣያው ካርቶን ውስጥ ከተተች። ተነሣች። ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ግድግዳውን ተደገፈችና እዚያ በሳቅ ተፍለቀለቀች፤ ድምፅዋ እስከ ውጭ በር ይሰማል። የዳይሬክተሯ እስክሪብቶ መዝገቡ ላይ ረጅም መስመር ጎትቶ ወረደ። እኔ ከቢጫዋ ወንበር ላይ ወድቄ ምንጣፉ ላይ ከልጆቹ ጋር እንባዬን እጠርጋለሁ። አያትየው ራሳቸው፣ ያለ ድምፅ፣ ትከሻቸው እየተነቃነቀ ይስቃሉ።

ሳቁ ሲረግብ የባኞው ልጅ በሩ ላይ ቆሞ አየሁት። ኳስ ታቅፏል።

"ኳሴም ከተከተበች እመጣለሁ" አለ።

ነርሷ ኳሷን በጥጥ ጠረገችለት፤ ከዚያ እሱን ከተበችው። እንደ ሌሎቹ ትንሽ ጣቱ ላይ መከተቡን የሚያሳይ ምልክት በማርከር ስታደርግለት፣ ለኳሷም አስደረገ።

ልጆቹ ሲወጡ አያትየው በሩ ላይ ጠበቁኝ። አሁን ፊታቸው ላይ ሳቅ አልነበረም።

"ታናሽ ወንድሜን ኩፍኝ ነው የወሰደብን፤ የዚህችን ያህል ነበር። እኛ አገር መርፌ የሚመጣው ሰው ካለቀለት በኋላ ነው። እሱን ሊወጉት ሲመጡ እናቴ ለቅሶ ጀምራ ነበር።" የልጅ ልጃቸውን እጅ ያዙ። "እየሳቀ የሚወጋ ልጅ ዛሬ ገና አየሁ።"

ልጅቷ "አባባ፣ ጣቴን እይ! ጣቴን እይ!" እያለች ጎትታ ወሰደቻቸው። በማግስቱ ሁለት ልጆች ትንሽ አተኮሳቸውና ቀሩ፤ ሰኞ ግን ሁሉም ተመልሰው ምንጣፉ ላይ ነበሩ።

የክትባቱ ዕለት እኩለ ቀን ላይ ነርሷን እስከ ታክሲ ፌርማታው ሸኘኋት። ሳጥኗ ባዶ ነው፤ እኔ ልያዝልዎት ብል እንቢ አለችኝ።

"ሰፈሬ ውስጥ ልጆች ሲያዩኝ ሮጠው በር ይዘጋሉ" አለችኝ እየሄድን። "የእህቴ ልጅ እንኳ ሲስመኝ ክንዱን ኋላው ይደብቃል። ስንት ዓመት ሙሉ!"

ፌርማታው ጋ ቆመን ወደ ኮልፌ የሚወስዳትን ታክሲ ስንጠብቅ፣ ከማዶ ካለው ግቢ የቆርቆሮ በሩ በርገድ አለ። የሽማግሌው የልጅ ልጅ አንገቷን አወጣች፤ ከላይዋ ደግሞ የአያቷ።

"ሲስተር! ነገም ነይ!" ብላ ጮኸች።

ነርሷ መጀመሪያ እሷን መሆኑ አልገባትም፤ ኋላዋን ዞራ አየች። ከዚያ እጇን አነሣችና ማውለብለብ ጀመረች። የኮልፌ ታክሲ መጥቶ ቆመ፣ ሞልቶም ሄደ። እሷ አላየችውም።